ግቢዬ ዳገት ነው፤ ከየት ልጀምር?

በዚህ ዕትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ተዳፋት ግቢ ናቸው። ወሩም ይመቻል። ጥር ነው፣ አፈሩ ደርቋል፣ ክረምቱ ሊገባ አምስት ወር ይቀረዋል። የግንብና የውሃ ጥያቄዎችን የግንባታ ባለሙያዎች፣ የተክሉን ደግሞ የአትክልት ባለሙያዎች መልሰዋቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ እንጦጦ ግርጌ ነው። ግቢው 12 ሜትር በ16 ሜትር ሲሆን ቤቱ ታች ነው፤ ከጓዳው በር ጀምሮ እስከ ኋላ አጥር ድረስ ዳገት ነው። ክረምት ላይ ጭቃው እስከ ጓዳ ይገባል። አንዱ ግንበኛ «አፈሩን እስከ አጥሩ ቆርጠን አንድ ትልቅ ግንብ እናቁም፣ ሜዳ ይሆንልሻል» ይለኛል። ሌላው በደረጃ ይሠራ ባይ ነው። የቱን ልስማ?
— አንባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ ሁለተኛውን ይስሙ። ግን ከሁለቱም ጋር ከመዋዋልዎ በፊት ግቢው በትክክል ስንት እንደሚወርድ ይለኩ፤ ዓይን ዳገትን መገመት አይችልም። ለዚህ 10 ሜትር ያህል ቀጭን ግልጽ ጎማ፣ ሜትርና ሁለት ሰው ይበቃል። የጎማውን አንድ ጫፍ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ በሌላው ጫፍ በመሳብ ይሞላል። አረፋ ከቀረበት ልኩ ይሳሳታል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ዘርግተው በጣት መታ መታ እያደረጉ ያስወጡት። ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው ውሃው እኩል ከሆነ ጎማው ዝግጁ ነው። ከዚያ በየ4 ሜትሩ ችካል እየተከሉ ይውረዱ። ላይ ያለው ሰው ጎማውን ከመሬቱ እኩል ውሃው እስኪታይ ይይዛል፤ ታች ያለው ደግሞ ውሃው ከመሬት ስንት ከፍ ብሎ እንደቆመ ይለካል። አራቱን ልኬቶች ሲደምሩ ጠቅላላው ይመጣል።

ድምሩ 4.8 ሜትር ሆነ እንበል። በ16 ሜትር ላይ 4.8 ሜትር ማለት 30 ከመቶ ነው። የእርስዎ ቁጥር ከተለየ ከዚህ በታች ያለውን ስሌት በራስዎ ልክ ይተኩ።

አንዱን ትልቅ ግንብ የማንመክረው ለመልኩ ብለን አይደለም። ከግንብ ጀርባ ያለ አፈርና ውሃ የሚገፋው ኃይል በቁመቱ ልክ ሳይሆን በቁመቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ጀርባው ውሃ የሞላበት የ2 ሜትር ግንብ፣ ውሃው ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 2 ቶን ያህል ይገፋዋል። ቁመቱ 4 ሜትር ሲሆን 8 ቶን ይሆናል። ይህን የሚችል ግንብ በመሐንዲስ የተሰላ ባለፌሮ ኮንክሪት እንጂ ግንበኛ በልምድ የሚያቆመው ድንጋይ አይደለም። ሌላም አለ፤ አፈሩን እስከ አጥሩ ከቆረጡት የላይኛው ጎረቤት አጥርና ቤት መሠረት ባዶ ላይ ይቀራል።

በደረጃ ሲሆን እንዲህ ይከፈላል። ከቤቱ ግድግዳ ጀምሮ 2 ሜትር ሜዳ ይተው፤ የውሃ መሄጃና የሰው መተላለፊያ ይሆናል። ከዚያ 1.2 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት የድንጋይ እርከኖች፣ ከእያንዳንዱ ግንብ በላይ 3 ሜትር ስፋት ያለው አትክልት ቦታ። ላይኛው ጫፍ ላይ የሚቀረውን 3 ሜትር ገደማ እንዳለ ትተው በተክል ይያዝ። ሦስቱ ግንቦች 3.6 ሜትር ይውጣሉ፣ ያልተነካው ጫፍ 1 ሜትር ያህል፣ ቀሪውን ደግሞ የእርከኖቹ ትንሽ ዝንባሌ ይሸፍነዋል። የላይኛው ግንብ ከታችኛው የሚርቀው ቢያንስ በታችኛው ቁመት እጥፍ መሆን አለበት፤ ለ1.2 ሜትር ግንብ 2.4 ሜትር ማለት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ካቀራረቧቸው ላይኛው ታችኛውን ይጫነዋል፣ ሁለት ትንንሽ ግንቦች መሆናቸው ይቀርና እንደ አንድ ትልቅ ግንብ ይሠራሉ።

በዚህ ከፍታ ሲሚንቶ የሌለው የድንጋይ ካብ በቂ ነው፤ እንዲያውም ውሃን በየክፍተቱ ስለሚያሳልፍ ከሲሚንቶው ይሻላል። ግንበኛው «ያለ ሲሚንቶ አይቆምም» ካለዎት የኮንሶን እርከን ይጥቀሱለት። ከ400 ዓመት በላይ በደረቅ ድንጋይ ሲሠራና ሲጠገን የኖረ ነው፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የካቡ ልክ ይህ ነው፦ መሠረቱ 35 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያልተነካ ጠንካራ አፈር ላይ፣ ከታች ውፍረቱ 60 ሳ.ሜ.፣ ከላይ 42 ሳ.ሜ.፣ ፊቱ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 15 ሳ.ሜ. ወደ ዳገቱ የተደገፈ። የመሠረቱ ወለል ራሱ ወደ ዳገቱ ትንሽ ያዘንብል። እያንዳንዱ ድንጋይ ሁለት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ የመገጣጠሚያ መስመር ካዩ ያስፈርሱት። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ፊት ቢያንስ አንድ፣ ከፊት እስከ ጀርባ ጠልቆ የሚገባ ረጅም ድንጋይ ያስፈልጋል። ብዙ ግንበኞች ግን ረጅሙን ድንጋይ መልኩ እንዲያምር በቁመቱ ፊት ለፊት ያጋድሙታል፤ ያኔ ፊቱ ለብቻው ጀርባው ለብቻው ይቀርና በሦስተኛው ክረምት ፊቱ ተገንጥሎ ይወርዳል።

ከጀርባ 30 ሳ.ሜ. ስፋት በጠጠር ይሞላ፣ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ይግባ። ለ36 ሜትር ጠቅላላ ርዝመት የሚያስፈልገው ድንጋይ ብክነቱን ጨምሮ 32 ሜትር ኩብ ነው፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሁለት ቢያጆ። ጠጠሩ 13 ሜትር ኩብ ይሆናል። መኪናው እስከ በሩ ብቻ ከመጣ ድንጋዩን ወደ ላይ በባሬላ ማውጣቱ ከድንጋዩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላልና የሠራተኛውን ሒሳብ አስቀድመው ይነጋገሩ።

አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የላይኛውን 25 ሳ.ሜ. ለም አፈር ገፍፈው ለብቻ ይከምሩት፤ አለበለዚያ የታችኛው ቀይ አፈር ላይ ይወጣና ጎመን እንኳ ያስቸግርዎታል። ቀጥሎ የታችኛው ግንብ ይሠራል፤ ከላይ የሚቆረጠው አፈር ወደዚያው ስለሚወርድ ሁለት ጊዜ አይጓጓዝም። አፈር የሚሞላበትን ተዳፋት እንዳለ አይተዉት፣ በዶማ እንደ ደረጃ ይጠረብ። ለስላሳ ተዳፋት ላይ የፈሰሰ ሙሌት በውሃ ሲርስ እንደ ሸርተቴ ይሄዳል። ሙሌቱ በየ20 ሳ.ሜ. እየተረገጠ ይግባ፤ እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ክረምት ላይ ትንሽ መስመጡ ስለማይቀር ከሚፈለገው ከፍ አድርገው ይሙሉት።

አሁን ዋናው ነገር፦ ውሃው። ከሁሉም በፊት፣ ከመጀመሪያው ድንጋይም በፊት፣ ከላይኛው አጥር ሥር አንድ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ 50 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 40 ሳ.ሜ. ጥልቀት፣ ዝንባሌው 1 ከመቶ። በ12 ሜትር ስፋት ላይ 12 ሳ.ሜ. መውረድ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ቦዩን ጎርፉ ራሱ እየቆፈረ ያሰፋዋል፤ ካነሰ ደለል ይሞላዋል። የእያንዳንዱ እርከን ወለል ደግሞ ከላይኛው ግንብ ግርጌ ወደ ፊት 2 ከመቶ ያህል ይዘንብል፤ ከታችኛው ግንብ አናት ግማሽ ሜትር ቀድሞ አንድ ትንሽ ቦይ ውሃውን ወደ ጎን ይውሰደው። ይህ ቦይ ከሥሩ በሲሚንቶ ይለሰን፤ ካልሆነ ውሃውን ለግንቡ ጀርባ ያደርሰዋል። ሁሉም ቦዮች ጎን ላይ ወደሚወርድ አንድ ባለደረጃ የግንብ ቦይ ይገናኙና ወደ መንገዱ ቱቦ ይውጡ። ቦዩን ለስላሳ ሸርተቴ አያድርጉት፤ ደረጃው የውሃውን ጉልበት ይሰብረዋል።

የጣሪያውን ውሃ አይርሱ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,800 ሊትር ይወርዳል፤ ይህ ውሃ ከአሸንዳ ወርዶ ጓሮ ውስጥ ከፈሰሰ ያ ሁሉ ቦይ ከንቱ ነው። ሮቶ ይግዙና ይያዙት፣ ትርፉ በቱቦ ይውጣ። ግንብ ስለሚሠሩ አስቀድመው ወረዳውን የግንባታ ፈቃድ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከላይ ያለው ጎረቤታችን አዲስ ቤት ሲሠራ የጣሪያውን ውሃ በአጥራችን ቀዳዳ ለቀቀብን። ስንነግረው «ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው» ይላል። ምን ማድረግ እንችላለን?
— አንባቢ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ

መልስ፦ መሬቱ በተፈጥሮው የሚያወርደው ውሃ አንድ ነገር ነው፤ ከጣሪያ ተሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ የተለቀቀ ውሃ ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ሆኖም ክስ እስኪያልቅ ስንት ክረምት ያልፋል። በተግባር የሚሠራው መፍትሔ ውሃውን በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ተቀብሎ በእናንተ ግቢ ጎን አሳልፎ ወደ መንገድ ማውጣት ነው፤ ወጪውን እሱ ቢችል፣ ቦታውን እናንተ ብትሰጡ። ሁለቱ ተፈራርመው ሽማግሌ ምስክር ይሁን፤ ቤቱ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት «አላውቅም» እንዳይል ቱቦው የሚያልፍበትን መስመር በንድፍ አያይዙት። ቱቦው ወደ ግቢው ከሚገባበት ቦታ 40 በ40 ሳ.ሜ. የሆነ ክዳን ያለው ጉድጓድ ይሠራ። ቅጠልና ደለሉ እዚያ ይቀራል፣ ግንቦት ላይ ይጠረጋል።

ጥያቄ፦ ኮተቤ ነው ያለነው። ከአምስት ዓመት በፊት የተሠራው 2.2 ሜትር የድንጋይ ግንባችን ካለፈው ሐምሌ ወዲህ መሃሉ ሆድ አውጥቷል፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅም አለው። ግንበኛው መጥቶ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈነው። ነሐሴ ላይ እንደገና ተከፈተ። ይፍረስ?
— አንባቢ

መልስ፦ ግንቡ ውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳለው አልነገሩንም፤ ግምታችን የለውም ነው። ካለውም ተደፍኗል። በ2.2 ሜትር ከፍታ የተጠራቀመ ውሃ በየሜትሩ 2.4 ቶን ገደማ ይገፋል፣ የአፈሩ ክብደት ሳይጨመር። ስንጥቁ ለውሃው ብቸኛ መውጫው ነበር፤ ግንበኛው ደፈነበት።

ይፍረስ አይፍረስ ለማለት ግንቡ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለው መታወቅ አለበት። ከአናቱ ቱምቢ አንጠልጥለው በየ50 ሳ.ሜ. ከክሩ እስከ ግንቡ ያለውን ርቀት ይለኩ፣ ከነቀኑ ይጻፉ። ስንጥቁ ላይ ደግሞ በሦስት ቦታ ጀሶ ስስ አድርገው ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት። በጋ ስለሆነ ጀሶው ይበቃል፤ ዝናብ ካለ በኤፖክሲ የተጣበቀ የመስታወት ቁራጭ ይሻላል። በደረቁ ወራት ጀሶው ከተሰነጠቀ ግንቡ ያለ ውሃም እየሄደ ነው። ሆዱ ከግንቡ ውፍረት ሲሶ በላይ ከወጣ ደግሞ ሳይጠብቁ እንዲያፈርሱት እንመክራለን፤ ከላይ ወደ ታች፣ ጀርባው ያለው አፈር መጀመሪያ ተነስቶ። ከታች መነካካት ሰው ይገድላል።

የቆመ ከሆነ ይድናል። ከመሬት 20 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ በየ1.5 ሜትሩ ቀዳዳ ይበሳ፤ መሰርሰሪያው ወደ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ወደ ላይ ያቅና፣ ውሃው ወደ ውጭ እንዲወርድ። ከ1 ሜትር በላይ ሌላ ረድፍ፣ ከታችኛው ጋር እየተፈራረቀ። ባለ 2 ኢንች ቱቦ ይግባበት፣ የውስጥ ጫፉ በጂኦቴክስታይል ይጠቅለል፤ ያለዚያ አፈሩን እያጠበ ያወጣና በጥቂት ዓመት ውስጥ ከግንቡ ጀርባ ዋሻ ይሠራልዎታል። የሚበሳው ሰው ከቀዳዳው ፊት ለፊት አይቁም፤ የተጠራቀመ ውሃ ካለ በኃይል ነው የሚወጣው። ከዚህ የተሻለው፣ አድካሚም ቢሆን፣ ከጀርባ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ክፍል እየቆፈሩ አፈሩን በጠጠር መተካት ነው። ሙሉውን ርዝመት በአንድ ጊዜ አይክፈቱ። ከ1.2 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቦይ ውስጥ ጣውላ ሳይደገፍ ሰው አይውረድ።

ውሃው ከዝናብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ጠዋት ደግመው ያንብቡ። ቁጥሩ ከተለወጠ መሬት ውስጥ የሚያፈስ ቱቦ አለ። ሴፕቲክ ታንኩ ወይም የእጣቢ ጉድጓዱ ከግንቡ በላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ግንቡ ግርጌ በበጋ እርጥበትና ሽታ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ይጨመር። አፈሩ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ችግሩ መሠረቱ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በየዓመቱ ግንቡን ያነሳውና ያወርደዋል። እዚያ ላይ ቀዳዳ ብቻ አያድነውም። አፍርሰው ዋልካውን አውጥተው በተጠቀጠቀ ሰለክት (ለሙሌት የተመረጠ አፈር) ተክተው ካልሠሩት የሚቀጥለው ግንብም ሆድ ያወጣል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ደሴ ላለው የወላጆቼ ቤት 3 ሜትር ከፍታ 10 ሜትር ርዝመት ያለው የጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ግንብ ላሠራ ነው። ሄጄ ማየት አልችልም። በፎቶ ምን ልጠይቅ?
— አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ያለቀ ግንብ ፎቶ ምንም አይነግርዎትም፤ ከፊት ሁሉም ያምራል። የሚጠይቁት ሥራው መሃል ላይ ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ የመሠረቱ ቁፋሮ፣ ሜትር ተዘርግቶበት። ለ3 ሜትር ከፍታ የታችኛው ረድፍ ከፊት እስከ ጀርባ 2 ሜትር፣ መሃሉ 1.5፣ ላይኛው 1 ሜትር ውፍረት ይኑረው። በየሜትሩ ርዝመት 4.5 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይገባል፤ ለ10 ሜትር 45፣ ማለትም ሦስት ሲኖትራክ። አንድ ሲኖ ብቻ ከተገዛ ውፍረቱ ተሰርቋል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ሳጥኖቹ ባዶ ሳሉ እርስ በርስ በሽቦ ተሰፍተው። ሳይሰፉ የቆሙ ሳጥኖች እንደ አንድ አካል ሳይሆን ለየብቻ ነው የሚንቀሳቀሱት። ሦስተኛው ሲሶ ድረስ ሲሞላ፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚሳቡ ማሰሪያ ሽቦዎች መታየት አለባቸው፣ ሁለት ሲሶ ላይም እንደገና። ሆድ ያወጣ ጋቢዮን አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው የቀረበት ነው። አራተኛው ከጀርባ ጂኦቴክስታይሉ ከመቀበሩ በፊት። ድንጋዩ ከ15 እስከ 25 ሳ.ሜ. ይሁን፣ ፊት ለፊት ያለው በእጅ የተደረደረ፤ በአካፋ የተጣለ ትንንሽ ድንጋይ በ8 በ10 ሳ.ሜ. የሽቦ ዓይን ያመልጣል።

ግን ደሴ ስላሉን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ አለን። ከተማዋ ጦሳ ሥር ናት፣ በመሬት መንሸራተትም ትታወቃለች። ቤተሰብ ግቢውንና ከላይ ያለውን ዳገት ዞረው ይመልከቱ። ግንዳቸው ከሥሩ ጎብጦ ከዚያ ቀና ያሉ ዛፎች፣ ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ የአጥር እንጨቶች፣ መሬት ላይ እንደ ቀስት የታጠፈ ስንጥቅ፣ ድንገት መዘጋት እምቢ ያለ በር፣ ግርጌው ላይ አዲስ የፈለቀ ምንጭ ካለ ዳገቱ ራሱ እየሄደ ነው። ያኔ የ3 ሜትር ጋቢዮን አብሮ ይሄዳል እንጂ አያስቆመውም፤ ገንዘቡን ለጂኦቴክኒክ መሐንዲስ ምርመራ ያውሉት። ዳገት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግሞ ማንም እግሩ ሥር አይቁም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ላይ የብዙዎች ሕይወት ያለፈው የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት ሲረባረቡ ሁለተኛው ወርዶባቸው ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ነው ያለሁት። ግቢዬ በጣም ዳገት ነው፣ 45 ከመቶ ገደማ። ሰርዶ ሣር በጥቅል ገዝቼ አነጠፍኩ፤ በሁለተኛው ዝናብ እንዳለ ተንሸራቶ ወረደ። ላይኛው ጫፍ ስድስት ትልልቅ ባሕር ዛፎች አሉ፣ ልቁረጣቸው?
— አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ሰርዶው ጥፋት የለበትም፤ ሥር ሳይሰድ ነው ዝናቡ የደረሰበት። የተነጠፈ ሣር እንዲህ ባለ ዳገት ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ በአራት የቀርከሃ ችካል፣ 25 ሳ.ሜ. ወደ መሬት ገብቶ መያዝ ነበረበት፣ ሥራውም ከሰኔ ዝናብ አንድ ወር ቀድሞ ውሃ እየጠጣ። ከተነጠፈም በኋላ አጫጁ ቆሞ የማያጭድበት ዳገት ነው፣ ሣሩን ይተዉት።

በምትኩ በረድፍ የሚተከል ጠንካራ ሣር ይሞክሩ። ጎንደር ከፍታዋ ለሁለት ይመቻል። ደሾ የአገራችን ሣር ነው፣ መነሻው ጨንቻ ነው፣ ብርድ ይችላል፣ ቶሎ ይሸፍናል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። ቬቲቨር ሥሩ ከ2 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ግን መጀመሪያው ዓመት ቀርፋፋ ነው፣ ውርጭ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ አይመከርም። ትዕግሥት ካለዎት አንዱን ረድፍ ደሾ፣ አንዱን ቬቲቨር እያፈራረቁ ይትከሉ።

ረድፎቹ ዳገቱን አቋርጠው በውሃ ልክ ይሂዱ። መስመሩ በአንድ ቦታ ዝቅ ካለ ጎርፉ እዚያ ላይ ይሰበሰብና ሰብሮ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሣሩ ራሱ ጎርፍ መሪ ይሆናል። በሁለት ረድፎች መካከል የከፍታ ልዩነቱ ከ1 ሜትር አይብለጥ። ግንጣዮቹን ከነሥራቸው ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እያደረጉ፣ ቅጠሉን ወደ 15 ሳ.ሜ. ቆርጠው፣ በየ10 ሳ.ሜ. ይትከሉ። ለ10 ሜትር ረድፍ 100 ጉድጓድ፣ ከ200 እስከ 300 ግንጣይ ይሄዳል። ጊዜው አፈሩ አንድ ስንዝር ተኩል ሲርስ ነው፣ ሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋ ይገባበታል።

በረድፎቹ መካከል ያለውን ባዶ አፈር ለመጀመሪያው ክረምት የቃጫ ጆንያ ይሸፍንልዎት። ጆንያውን በአንድ ጎን ቀድደው ዘርግተው በችካል ይቸክሉ፣ እዚህም እዚያም በቢላ ሰንጥቀው የጥብስ ቅጠል ወይም እሬት ይትከሉበት። በሁለት ዓመት ይበሰብሳል፤ ያኔ ሥሩ ተረክቧል። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ግን አይተኩበት፤ ውሃው ከላዩ እየተንሸራተተ ከታች ያለውን ይጠርገዋል፣ ፀሐይ ሲመታውም ተቆራርጦ ግቢውን ይሞላዋል።

ባሕር ዛፉን ነቅለው አያውጡ። ዳገቱን የያዘው አሁን ሥሩ ነው። የሞተ ሥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ዳገቱ የሚናደውም ዛፉ በተቆረጠበት ዓመት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው፣ ባለቤቱ ከረሳው ወዲያ። ወደ ቤት ያጋደሉትን ብቻ ቁረጡ፣ ጉቶው ይቅር፣ ያቆጠቁጣል። በመካከላቸው ወይራና ጽድ ይትከሉ፤ እነሱ ሥር እስኪሰዱ ባሕር ዛፉን በየጊዜው እያሳጠሩ ያቆዩት። ከሥሩ ሌላ ነገር እሺ ብሎ ስለማይበቅል ባዶው አፈር ላይ የራሱን ቅጠልና ጭራሮ ጉዝጓዝ ያድርጉለት። ለእሳት አይሰብስቡት።

ጥያቄ፦ እናታችን 78 ዓመታቸው ነው። ከመንገዱ እስከ ቤቱ 2.4 ሜትር ይወርዳል፤ አሁን ያለው ደረጃ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ ሁለት ጊዜ አደናቅፏቸዋል። ልኩ ስንት ይሁን?
— ልጆቻቸው፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን

መልስ፦ ከፍታው 15 ሳ.ሜ.፣ መርገጫው 35 ሳ.ሜ.። የከፍታው እጥፍ ሲደመር መርገጫው ከ60 እስከ 65 ከሆነ እግር አይሳሳትም። 2.4 ሜትር ለ15 ሲካፈል 16 ከፍታ ይሆናል። ስምንት ወርደው ማረፊያ፣ 1.2 ሜትር፣ ከዚያ ስምንት። ጠቅላላ ርዝመቱ 6.1 ሜትር ይመጣል፤ ያን ያህል ቦታ ከሌለ ማረፊያው ላይ አጥፎ ማዞር እንጂ ደረጃውን ማሾል አይገባም።

ከፍ ዝቅ የሚለው ምክንያት አለው። ግንበኛው ደረጃውን ለክቶ ይሠራል፣ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ከታች ወለሉን ሊሾ ያደርጋል ወይም ከላይ ኮብልስቶን ያነጥፋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደረጃ በዚያው ውፍረት ይለወጣሉ። ስለዚህ የላይና የታች ወለል ማጠናቀቂያ ውፍረት ከነአሸዋው አስቀድሞ ተወስኖ ከጠቅላላው ይቀነስ። እያንዳንዱ መርገጫ ወደ ፊት ግማሽ ሳ.ሜ. ያዘንብል፣ ውሃ አይቁምበት። እምነበረድና ሴራሚክ አይታሰብ፤ ፊቱ የሻከረ ድንጋይ ይሁን፣ ክረምት ላይ የሚያወጣውን አረንጓዴ ሽበት በሽቦ ብሩሽ ይፈግፈግ። መደገፊያው 90 ሳ.ሜ. ከፍታ፣ በእጅ ሙሉ የሚጨበጥ ክብ ብረት። ከመጨረሻው ደረጃ አልፎ 30 ሳ.ሜ. ይቀጥል፤ እግራቸው ሜዳ ላይ እስኪያርፍ እጃቸው የሚይዘው እንዳያጣ።